የአባቴ ሌንስና የማኅበሩ ብድር

በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ፎቶ አንሺ አባላችን ያሰማችው ንግግር



ጸሐፊያችን «ስለ ሥራሽ ጥቂት ተናገሪ» ስትለኝ ወዲያው እሺ ያልኳት ዕዳ ስላለብኝ ነው። የገንዘቡን ዕዳ ከፍዬ ጨርሻለሁ። የቀረብኝ የቃል ዕዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከማኅበሩ የተበደርኩትን በዓመቱ ለሦስት ወር መክፈል ሲያቅተኝ፣ ዋስ የሆኑኝ አራት የቡድኔ እህቶች ከየቦርሳቸው አዋጥተው ከፈሉልኝ። ለምን እንዳቃተኝ ሲጠይቁኝ «ሥራ ቀዘቀዘ» አልኳቸው። ወዲያው ኮሮና መጣና ሁሉም ሰው አመነኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያቴ፣ ሁለት ወጣት አባሎቻችን ለካሜራ መግዣ ብድር ጠይቀዋል። የብድር ኮሚቴው ሐሳቤን ጠይቆኛል። የጠየቁት ገንዘብ ብዙ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ለሌንስ ነው። ስለዚህ ስለ ሌንስ እናገራለሁ፤ ከሰለቻችሁ ቡናው እየተቆላ ነው።

አባቴ ፎቶ ቤት ነበረው። ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ ያነሳ ነበር። የልጅነቴ ሽታ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ነው። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ሄዶ የተመለሰ ዘመዳችን አንድ ዜኒት ካሜራ አምጥቶለት ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ካሜራውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ዓመታት አለፉ። እኔ ከፍቼ ሳየው ሻተሩ ተበላሽቷል፣ ፊልም የሚያጥብም በሰፈሩ የለም። ፊቱ ላይ ያለው ሌንስ ግን ጥርት ያለ ነበር።

ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ይባላል፤ 58 ሚሊሜትር ነው። ከዜኒት ካሜራ ጋር ይሸጥ ስለነበር በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አለ፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ንድፉ መጀመሪያ የጀርመኖች ነበር። የና በምትባል ከተማ ካርል ዛይስ ባዮታር የተባለውን ሌንስ ይሠራ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ንድፉን ይዘው በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ ማምረት ጀመሩ። አባቴ ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። «የሩሲያው» ነበር የሚለው።

እኔ ከማኅበሩ 45 ሺህ ብር ነበር የጠየቅሁት፤ ለካሜራና ለሌንስ። ኮሚቴው 20 ሺህ ፈቀደልኝ። ያን ቀን ተናድጄ ነበር፤ አሁን አልናደድም። በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ሶኒ አልፋ 6000 ቦዲውን ብቻ ገዛሁና ሌንስ አልባ ሆንኩ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ አንድ የብረት ቀለበት አመጣችልኝ፤ ዋጋው 20 ዶላር አይሞላም። አዳፕተር ይሉታል። በእሱ የአባቴን ሌንስ አዲሱ ካሜራ ላይ አሰርኩት።

እንዴት ይገጥማል ላላችሁኝ ነገሩ እንዲህ ነው። በአሮጌዎቹ ካሜራዎች ውስጥ፣ በሌንሱና በፊልሙ መካከል፣ ያዘነበለ መስታወት አለ። ስናነሳ ብድግ ይልና ብርሃኑን ያሳልፋል። መስታወቱ ለመነሳት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ የአባቴ ዓይነት ሌንሶች የሚታሰሩበት ቦታ ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር እንዲርቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዛሬ ሚረርለስ የሚባሉት ካሜራዎች ያ መስታወት የላቸውም፤ የስማቸውም ትርጉም ይኸው ነው። በሶኒ ላይ ርቀቱ 18 ሚሊሜትር፣ በካኖን አርኤፍ 20፣ በኒኮን ዜድ ደግሞ 16 ብቻ ነው። የጎደለውን ርቀት ቀለበቱ ይሞላዋል። ለእኔ ካሜራ 27 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ብርጭቆ የለውም፤ ስለዚህ የሌንሱን ጥራት አይነካም። ባለ መስታወቱ የኒኮን ካሜራ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የእሱ ርቀት 46.5 ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው በልጧል፤ ይህን ሌንስ ብታስሩበት ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያጠራም።

አሰርኩት፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ካሜራው አላነሳም። ሁለት ቀን ሙሉ የተበላሸ ካሜራ የሸጡልኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ለካ ካሜራው አሮጌውን ሌንስ አያውቀውም፤ ምንም ሌንስ የለብኝም ብሎ ነው እምቢ ያለው። በሜኑው ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅድ ቦታ አለ፤ እሱን ስትከፍቱ ይሠራል። የመጀመሪያ ቀን ዕንባዬን ያፈሰስኩት በዚህች ብቻ ነው፤ እናንተ እንዳታለቅሱ ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በእጅ ነው። የብርሃን መጠኑን ሌንሱ ላይ ባለው ቀለበት ታዞራላችሁ። ሄሊዮስ 44-2 ሁለት ቀለበት አለው፦ አንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ መጠኑን ይወስናል፣ ሌላው ያለ ድምፅ ይከፍታል ይዘጋል። ካሜራውን ኤ ፊደል ላይ ካደረጋችሁት የገባውን ብርሃን ለክቶ የሻተሩን ፍጥነት ራሱ ይመርጣል። ፍጥነቱ ግን ከ125 አንድኛ ሰከንድ እንዳይወርድ ተመልከቱ፤ የእኔ ካሜራ የእጅ ንዝረት የሚያረጋጋ ነገር የለውም። ፎከሱንም በእጅ ነው የምታመጡት። እዚህ ላይ አዲሱ ካሜራ ከአባቴ ዜኒት በጣም ይሻላል። የጠራውን ጠርዝ በቀይ ቀለም ያሳያችኋል፤ ፎከስ ፒኪንግ ይባላል። በተጨማሪ ዓይኗን ብቻ አጉልታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቀዩ ቀለም ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ያታልላል። አጉልታችሁ ሳታዩ አትመኑት።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

በጥር 2012 ዓ.ም. ሰርግ ተቀበልኩ። የነበረኝ ሌንስ የአባቴ ብቻ ነው። ለሙሽራዋ ቤተሰብ ይህን አልነገርኳቸውም፤ ቀብዱን ተቀበልኩና ዝም አልኩ። ቤቱ ጠባብና ጨለም ያለ ነበር። ስለዚህ ሌንሱን ሙሉ በሙሉ ከፈትኩት። ከአንድ ሜትር ርቀት ስታነሱ በዚያ አከፋፈት የሚጠራው ውፍረት ሁለት ጣት አይሞላም። ከሁለት ሜትር ቢሆን እንኳ ግማሽ ስንዝር ነው። ሙሽራዋ ደግሞ ትሄዳለች፣ ታጎነብሳለች፣ ሰው ይገፋታል። የእናቷን ጉልበት ስትስም ቀለበቱን እያዞርኩ ሃያ ጊዜ ያህል ተኮስኩ። በትንሿ ስክሪን ሳየው ሁሉም ያማረ መሰለኝ።

ማታ በኮምፒውተር ከፈትኩት። የእናትየው ነጠላ ጥለት ክሩ ሁሉ ይቆጠራል። የሙሽራዋ ፊት ጭጋግ ነው። ከሃያው አንድም አልተረፈም። ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ድጋሚ አትስም፤ ያቺ ደቂቃ አልፋለች።

አልበሙን ሳስረክብ እናትየው ገጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ልጄ፣ ጉልበት ስትስም የቷ ናት?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የተቀበልኩትን ገንዘብ ግማሹን መለስኩ፤ ከዚያ ላይ ለማኅበሩ ልከፍል ያሰብኩት አብሮ ሄደ። ሥራ አልቀዘቀዘም ነበር፣ እህቶቼ። ሥራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ ከልጆቻችሁ ጉሮሮ ቀንሳችሁ ከፈላችሁልኝ።

ስለዚህ ለሁለቱ ልጆችም ለኮሚቴውም የምለው ይህ ነው። ለማይደገም ነገር፣ ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ፣ አውቶፎከስ ያለው አንድ ሌንስ ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም፤ ከቦዲው ጋር አብሮ የሚሸጠው ትንሹ ሌንስ እንኳ ከእኔ አሮጌ ሌንስ ይልቅ ያን ፊት ያድን ነበር። ዛሬ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ውዱ ሌንስ ግን ይቆይ።

ሌላውን ሥራ በአሮጌ ሌንስ መማርም መሥራትም ይቻላል። የማኅበራችንን የሽያጭ ዕቃዎች ሁሉ በአባቴ ሌንስ ነው የማነሳው። መሶብ አይሮጥም። ጀበና ዓይኑን አይጨፍንም። ሌንሱን ወደ 8 ቁጥር እዘጋዋለሁ፣ ካሜራውን በሦስት እግር ላይ አቆማለሁ፣ በመስኮት ብርሃን አነሳለሁ፤ የስፌቱ ቀለም፣ የጥጡ ክር፣ የበርበሬው ድቃቂ ሁሉ ይታያል። ከግማሽ ሜትር ርቀት ድረስ ስለሚቀርብ ለጆሮ ጌጥም ይበቃል። ከጀርባ ብርሃን ሲመታው ግን ሥዕሉ ነጣ ብሎ ይደበዝዛል፤ የዚያን ዘመን ቅብ እንደ ዛሬው ብርሃን የመከላከል አቅም የለውም። አባቴ በባርኔጣው ያጠላለት ነበር። እኔ ጥቁር ወረቀት ጠቅልዬ እጄን አሳርፌያለሁ።

የሰውም ፎቶ እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ከተቀመጡ። በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይ ደጋፊዎቻችን ያያችኋቸውን ጥጥ ፈታይ እናታችንን ታስታውሷቸዋላችሁ። ያን ፎቶ ለማንሳት ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ቀለበቱን ሳዞር፣ ሳጎላ፣ ስመልስ፣ እሳቸው እንዝርታቸውን ይዘው ስለ ጥጥ ዋጋ ያወሩኝ ነበር፤ ካሜራውን ረሱት። ከዚያ በፊት የመጣ አንድ ፎቶ አንሺ በችኮላ ቀጭ ቀጭ አድርጓቸው ሄዶ፣ «እኔን ለማኝ አስመሰለኝ» ብለው አኩርፈው ነበር። የእሱ ካሜራ ከእኔ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አላስፈቀዳቸውም እንጂ መሣሪያው ምንም አልጎደለውም።

አሮጌ ሌንስ ስትገዙ የምትታለሉበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔ አንዴ ተታልያለሁ። 135 ሚሊሜትር አይቼ ዋጋው ደስ ብሎኝ ሳልፈትሽ ከአንድ ነጋዴ ገዛሁ። ቤት ገብቼ በስልኬ መብራት ከኋላው ሳበራ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አድርቶበታል። ሻጋታ ነው። እርጥበት ይወደዋል፤ ብርጭቆውን ይበላዋል፤ ከሌሎች ሌንሶች ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ክፈቱና በመብራት አሳልፋችሁ እዩ። ቀለበቱ ሳይጠብቅ ሳይላላ ይዞር እንደሆነ፣ በመዝጊያዎቹ ቅጠሎች ላይ ዘይት አለመኖሩን፣ የሚታሰርበት ጥርስ አለመበላቱን ተመልከቱ። ጥቂት ብናኝ ግን አያስፈራችሁ፤ ፎቶው ላይ አይታይም። ብርጭቆው ቢጫ ሆኖ ያገኛችሁትንም ወዲያው አትጣሉ፤ እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር 1.4 ያሉ የጃፓን ሌንሶች ቶሪየም የሚባል ነገር ስላለባቸው በዕድሜ ቢጫ ይሆናሉ፤ ፀሐይ ሲመታቸው ቀስ እያለ ይለቃል።

በክረምት ደግሞ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ዘግታችሁ አታስቀምጧቸው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። የእናቴ ነጭ ጨርቅ ነው የአባቴን ያዳነው።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለሁለቱ ልጆች ያገለገለ ቦዲ ከትንሹ አውቶፎከስ ሌንሱ ጋር መግዣ ይሰጣቸው። ከሦስት ወር በኋላ፣ የመጀመሪያ ክፍያቸውን ሲያመጡ፣ ስለ ሌላ ሌንስ እንነጋገር። እስከዚያው የአባቴን ሌንስ በየተራ አውሳቸዋለሁ፤ ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ስናነሳ ይረዱኛል።

ዋስ ለሆናችሁኝ አራታችሁ፦ ይቅርታ የምጠይቀው በሰው ፊት ነው ብዬ ነው የቆየሁት። ይቅር በሉኝ።

ሌሎቻችሁ ቤታችሁ ፈትሹ። ቁም ሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ የአባት ወይም የአጎት ካሜራ ያለው ቤት ብዙ ነው። ከውጭ የመጣችሁ ወዳጆቻችንም እንዲሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ቢሮ እሆናለሁ። በላስቲክ ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡት፤ በስልኬ መብራት አይቼ የሚሆነውን ከማይሆነው እነግራችኋለሁ። አሁን ቡናው ደርሷል መሰለኝ።