መርዙን የሚቆጥር ማነው?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር



የምናገርበትን ነገር ስመርጥ አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ሐይቆቻችን ውበት ብናገር ለበዓል እንደሚስማማ መክረውኝ ነበር። ስለ ሐይቆቹ እናገራለሁ፤ ስለ ውበታቸው ግን አይደለም። አሳቤ በቢሾፍቱ ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ ስለሚሸጡና ስለሚያልፉ አደገኛ ነገሮች፣ ይልቁንም እነዚህን ነገሮች መቆጣጠር የማን ሥራ እንደሆነ ለመናገር ነው።

መጀመሪያ ስለ አነጋገራችን አንድ ነገር ልበል። እኛ ተባይ የሚገድለውን ሁሉ መድኃኒት ብለን እንጠራዋለን። የአረም መድኃኒት፣ የእህል መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት እንላለን። ሐኪም የሚያዝልንም መድኃኒት ነው፤ ነቀዝ እንዳይበላው በእህሉ መካከል የሚጨመረውም መድኃኒት ነው። ስሙ አንድ ከሆነ ሕፃን ልጅ አንዱን ከሌላው ለይቶ እንዲፈራ ማን ያስተምረዋል?

ለምሳሌ ያህል ለእህል መጋዘን የሚሆነውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እንመልከት። እንክብሉ ደርቆ በቆርቆሮው ውስጥ እንደታሸገ ሲቀመጥ ምንም አያደርግም። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ግን ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል፤ ማርከሻም አልተገኘለትም። እንግዲህ ይህ ነገር ሰው በሚተኛበት ቤት፣ ከአልጋ ሥር ባለ ጆንያ ውስጥ ሊጨመር የሚገባው አይደለም። ነገር ግን በሀገራችን ብዙ ቤተ ሰብ እህሉን የሚያስቀምጠው ከሚተኛበት ክፍል ውስጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ከተማችን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጂቡቲ መንገድ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ብዙ ነገር ይገባባታል፤ ብዙ ነገርም ያልፍባታል። በዙሪያዋ የአበባ እርሻዎች አሉ፤ ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ አለ፤ ፋብሪካዎችና ጋራዦች አሉ። አበባው መድኃኒት ይረጭበታል፤ ገበሬው የአረም ማጥፊያ ይገዛል፤ ፋብሪካው አሲድና ጋዝ ያስመጣል፤ ጋራዡ የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ አሲድ ያወጣል። እኔ ይህ ሁሉ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። እህላችን ለነቀዝ እንዲቀር፣ መኪናችንም እንዲቆም የሚፈልግ የለም። የምለው ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሆነና የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው በከተማው ውስጥ ይኑር ነው።

አንድ ትልቅ ጀሪካን ፀረ ተባይ ከፋብሪካ ሲወጣ ጽሑፍና ምልክት ተለጥፎበት ነው። ምን እንደሆነ፣ በምን ያህል ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ሰው ቢጠጣው ምን መደረግ እንዳለበት ተጽፎበታል። ገበያ ሲደርስ ግን አነስተኛ ገበሬ ጀሪካኑን በሙሉ ሊገዛ ስለማይችል ነጋዴው በትንንሽ ጠርሙስና በሃይላንድ እየቀዳ ይሸጥለታል። ጽሑፉ በጀሪካኑ ላይ ይቀራል። ገበሬው ይዞት የሚሄደው መርዙንና ነጋዴው በቃል የነገረውን ብቻ ነው። ያ ሃይላንድ በቤት ውስጥ ውኃ ካለበት ሃይላንድ አጠገብ ሲቆም የሚሆነውን ለእናቶቻችን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ባዶው ጀሪካንም ቢሆን አይጣልም፤ ጥሩ ጀሪካን ዋጋ አለውና ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል። ደንቡ ግን ሦስት ጊዜ አጥቦ እጣቢውን በዚያው በመርጫው ውስጥ መጨመር፣ ከዚያም ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት ሥሩን መብሳት ነው።

አሁን ወደ ሐይቆቹ እንመለስ። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና አረንጓዴው ሐይቅ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈታቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውኃዎች እንደሆኑ በጂኦግራፊ ተምረናል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከእነዚህ ጉድጓዶች የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ከየዳገቱ ያገኘውን ይዞ ይገባል፤ ፀሐይም ውኃውን ታተነዋለች፤ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ጨውና ከባድ ብረት ግን ትታው ትሄዳለች። በወንዝ ዳር ያለ ከተማ ክፉውን ሁሉ ለታችኛው ሀገር ይልካል። (ይህም ደግ ሥራ አይደለም። ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮም ያለበት ፍሳሽ የሞጆን ወንዝ ተከትሎ ወደ ቆቃ እንደሚወርድ ብዙ የተጻፈበት ነገር ነው።) እኛ ግን የምንልክበት እንኳ የለንም። በሐይቁ ዳርቻ የሚታጠብ መርጫና በቦይ የሚፈስ የጋራዥ ዘይት ከእኛው ጋር ይቀመጣል።

በዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። በእነዚህ ሐይቆች ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ዓሣ በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል። ሰው ወዲያው መርዝ ተደፋበት ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ያለ መርዝም ሊሆን እንደሚችል የሐይቅ ሊቃውንት አስረድተዋል። በሐይቁ ጥልቅ ክፍል ያለው ውኃ ኦክስጅን የለውም። የሌሊቱ ብርድ በሚበረታበት ወራት ላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የታችኛውም ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ታዲያ ዓሣ ሲሞት በመርዝ ይሁን በተፈጥሮ በምን እናውቃለን? በየጊዜው የተለካና የተጻፈ ነገር ከሌለ አናውቅም። ንጹሑ ባለ እርሻ ያለ ጥፋቱ ይታማል፤ አጥፊውም «የብርዱ ወራት ነው» ብሎ ያመልጣል። ስለዚህ ቁጥጥር ለከሳሽ ብቻ ሳይሆን ለተከሳሽም ይጠቅማል እላለሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ወጣ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ ቀጥሎም ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ታወጀ። የትኛው ፀረ ተባይ ወደ ሀገር እንዲገባ እንደሚፈቀድ የሚወስነው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን የኬሚካል ሊቅና የምርመራ ቤት ሊያቋቁም አይችልምና። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለ ሹም በእኛ ከተማ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የመጋዘኑን ቦታ የሚፈቅደው፣ ቆሻሻውን የሚያነሣው፣ እሳት ሲነሣም የሚጠራው የከተማው አስተዳደር ነው። በሩን የሚያውቀው እርሱ ስለሆነ ከበሩ በስተጀርባ ያለውንም ማወቅ የሚገባው እርሱ ነው።

እሳትን ስለጠቀስሁ በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነውን ላስታውሳችሁ። እሳት በውኃ ይጠፋል ብለን ከልጅነታችን ጀምሮ እናምናለን። የቤንዚን እሳት ላይ ውኃ ቢደፋ ግን ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። የብየዳ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ካርባይድ ውኃ ሲነካው የሚቃጠል ጋዝ ያወጣል። አስቀድሜ የነገርኋችሁ የእህል እንክብልም ውኃ ሲያገኘው መርዘኛውን ፎስፊን ይለቃል። እንግዲህ በእኩለ ሌሊት የሚጠራው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በመጋዘኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ የውኃ ቱቦውን ቢከፍት ነፍሱን የሚያድነው ምንድር ነው? አንድ ወረቀት ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ የመጋዘኑ ቦታ፣ የዕቃው ስምና መጠን ተጽፎ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይበቃል።

በሌላው ዓለም ይህን ነገር በብዙ ሞት ተምረውታል። በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. በሕንድ ሀገር ቦፓል በሚባል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ በሌሊት መርዘኛ ጋዝ አምልጦ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ጎረቤቶቹ ፋብሪካው ምን እንደያዘ አያውቁም ነበር፤ ሐኪሞቹም በምን እንደሚያክሙ ተቸግረው ነበር። ከዚህ በኋላ አሜሪካኖች በ1979 ዓ.ም. አንድ ሕግ አወጡ። በሕጉ መሠረት በየአካባቢው የአደጋ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ባለ ፋብሪካዎችም ያከማቹትን አደገኛ ዕቃ ዝርዝር ለዚህ ኮሚቴና ለእሳት አደጋ ጣቢያ ይሰጣሉ። በኮሚቴው ውስጥ የእሳት አደጋ ሰዎች፣ ሐኪሞች፣ የአካባቢው ነዋሪዎችና ጋዜጠኞች ሳይቀሩ ይገኙበታል። ዝርዝሩንም ማንም ነዋሪ ጠይቆ ሊያይ ይችላል።

ዝርዝር ብቻውን ግን እንደማይበቃ የቤይሩት ነገር ያሳየናል። ቤይሩት ብዙ የሀገራችን ልጆች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ወሬውን ብዙዎቻችን በጭንቀት ሰምተነዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በወደቡ መጋዘን የተቀመጠ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዕቃው ከመርከብ ወርዶ በዚያ ቦታ ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ምን እንደሆነም ይታወቅ ነበር፤ የጉምሩክ ሹማምንት ዕቃው እንዲነሣ ለዳኞች ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ደብዳቤው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲሄድ ዕቃው ከቦታው አልተነሣም። ስለዚህ ከዝርዝሩ ጋር «አንሣ» ሲባል የሚያነሣ፣ ባያነሣም በስሙ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል።

የእኛም ሀገር ያልተቈጠረ መርዝ ምን ያህል ዕዳ እንደሚሆን አይታለች። ለአንበጣና ለሌላ ተባይ እየተባለ ከውጭ የመጣ ፀረ ተባይ ሳይሠራበት ጊዜው እያለፈ በየመጋዘኑ ለብዙ ዘመን ተከማችቶ ነበር። በርሜሉ ዝጎ የሚያፈስም ነበረበት። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው ሥራ 1,500 ቶን ያህሉ እንደገና ታሽጎ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ተቃጠለ። በእርዳታ የመጣውን ዕቃ በእርዳታ አወጣነው ማለት ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የገረመኝ መርዙ ብቻ ሳይሆን ከማስወጣቱ በፊት የት የት እንዳለ ፈልጎ ለማግኘት የወሰደው ድካም ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ የግብርና መድኃኒት የሚነግዱ፣ ጋራዥ ያላቸው፣ ቡታጋዝ የሚሸጡ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ምናልባት «ይህ ልጅ ተቆጣጣሪ ሊልክብን ነው» ብላችሁ አዝናችሁብኝ ይሆናል። ፍርሃታችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቅጣት ወይም ሌላ ነገር ፈልጎ ነው ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ዕቃውን ይደብቃል፤ የተደበቀ መርዝ ደግሞ በግልጽ ከተቀመጠው ይከፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዝገባ ቅጣት የሌለበት እንዲሆን አሳብ አቀርባለሁ። ባለ ሱቁ ያለውን ይናገር፤ ተቆጣጣሪው ይጻፍ፤ መጋዘኑ ከምግብ የተለየ፣ አየር የሚገባው፣ ከጎርፍ ከፍ ያለ እንዲሆን ጊዜ ይሰጠው። በሁለተኛው ጉብኝት በሃይላንድ ሲቀዳ የተገኘ ግን ይቀጣ። ከሐይቁ ዳርቻ ያሉት ቤቶች ከሁሉ በፊት ይጎብኙ።

በመንገዱ ላይ ስለሚያልፉት የነዳጅ ቦቴዎች አጭር ነገር ልናገርና ልጨርስ። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ብዙውን ጭነት ከከተማው መካከል አውጥቶታል። ሆኖም በአንዳንድ ቦቴ ላይ ብርቱካንማ ሰሌዳ አይታችሁ እንደሆነ በላዩ ያለው ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ መሆኑን እወቁ። 1203 ቤንዚን፣ 1202 ናፍጣ፣ 1005 አሞኒያ፣ 1017 ክሎሪን ነው። ቦቴ ተገልብጦ ስታዩ ለመቅዳት ጀሪካን ይዛችሁ አትሩጡ፤ ቁጥሩን ከሩቅ አንብባችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

ጓደኞቼ «እኛ ተማሪዎች ምን ሥልጣን አለን?» ብለው ጠይቀውኛል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ሥራ ሲያይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ተፈቅዶለታል። ማመልከቻ ስትጽፉ ቀኑን፣ ቦታውንና ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ የሰማችሁትን አትቀላቅሉ። አንድ ቅጂም በእጃችሁ አስቀሩ፤ 30ው ቀን የሚቈጠረው ከዚያ ቅጂ ላይ ነውና።