የገና ዛፍና የሐበሻ ጥድ



ገና ሲቃረብ በከተሞቻችን በየሆቴሉ በር መብራት የተንጠለጠለበት ዛፍ እናያለን። ልማዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመናውያን ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ዛሬም በአውሮፓ በአብዛኛው የሚቆረጠው ለዚሁ ተብሎ የለማ ዛፍ ነው።

በደብረ ታቦር ዙሪያና በደቡብ ጎንደር ደጋ ግን የሐበሻ ጥድ በብዛት ተርፎ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ግን አያቆጠቁጥም። እናቶቻችን ታኅሣሥ 29 ቀን ቤቱን የሚያስጌጡት በቄጠማ ነው፤ ቄጠማ ቢታጨድ መልሶ ይበቅላል። ብዙ ሺህ ምእመናን ለገና የሚጓዙበት ላሊበላም የሚደምቀው በነጭ ነጠላ እንጂ በተቆረጠ ዛፍ አይደለም።

ስለዚህ መብራት ማንጠልጠል የሚሻ በቆመ ዛፍ ላይ ያንጠልጥል፤ ክረምት ሲገባም አንድ ጥድ ይትከል እላለሁ።