የቆጣቢዋ ብር

በወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ግቢ ግብርና ለተማረው ተመራቂም፣ ወልድያ ላይ ኢኮኖሚክስና ሒሳብ ላጠናውም ዛሬ የሚነሳው ጉዳይ የጋራ ነው፤ የብር የመግዛት አቅም።

መርሳ ገበያ ሽንኩርት ሸጣ 1,000 ብር ባንክ ያስገባች እናት ትታሰብ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ አሳደገ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ 37 ከመቶ ደረሰ። በዚህ ስሌት ከዓመት በኋላ እጇ ላይ የሚገባው 1,070 ብር ነው። ዓምና በ1,000 ብር ትሸምተው የነበረው እህልና ዘይት ግን 1,370 ብር ይጠይቃታል።

ያ 300 ብር የት ገባ?

ተበዳሪው ጋ። ወለድ ከዋጋ ንረት ሲያንስ ሀብት ከቆጣቢ ወደ ተበዳሪ ይሄዳል፤ ሕግ ሳይወጣ፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥ። ከትልልቆቹ ተበዳሪዎች አንዱ መንግሥት ነበር። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት ላይ 27 ከመቶ በሚሆን ገንዘብ የብሔራዊ ባንክን ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ በአብዛኛው ጊዜ የሚያስገኘው ወለድ 3 ከመቶ ነበር። መንግሥትም የበጀት ጉድለቱን ለመሙላት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ ይበደር ነበር። በእነዚያ ዓመታት መንገድ፣ ግድብና የኃይል መስመር መሠራቱ አይካድም። ሆኖም የዕድገቱን ወጪ በብዛት የተሸከመችው ያቺ ሽንኩርት ሻጭ ናት፤ እሺታዋንም የጠየቃት አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ማሞ ምሕረቱ ገዥ በነበሩበት ጊዜ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 ከመቶ ገደበ፤ ለመንግሥት የሚሰጠውንም ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ አወረደው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 ከመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን ወጣ፤ በዚያው ወር የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብዙዎች የዋጋ ንረቱ ጣሪያ ይነካል ብለው ፈርተው ነበር። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ግን ወደ 14 ከመቶ ወረደ። ንረት ወረደ ማለት ጤፍ ረከሰ ማለት አይደለም፤ ዋጋው መውጣቱን አላቆመም፣ የሚወጣበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። ባለሙያ ይህን ለሕዝብ በግልጽ ካላስረዳ፣ ገበያ የወጣ ሰው መግለጫውን ውሸት ቢለው አይፈረድበትም።

ቱርክ የተቃራኒውን መንገድ ሞክራለች። ንረት እያሻቀበ ወለድ ስትቀንስ ከርማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የዋጋ ንረቷ 85 ከመቶ ገባ፤ በኋላ የፖሊሲ ወለዷን እስከ 50 ከመቶ ለማድረስ ተገደደች። አሜሪካም በማዕከላዊ ባንኳ መሪ በፖል ቮልከር ዘመን ንረቱን የሰበረችው ሥራ አጥነት ከ10 ከመቶ በላይ እስኪሄድ ዋጋ ከፍላ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ሕመሙ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም።

እዚህም እኩል አልደረሰም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ነበረች። ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ ሥራውን ለማንሳት ብድር በሚያስፈልገው ሰዓት ነው የብድር ዕድገት ጣሪያው የተጣለው፤ ጣሪያውም የአዲስ አበባውን አስመጪና የወልድያውን ነጋዴ አልለየም። ፍሬኑን መያዝ ትክክል ነበር፤ ከጦርነት ለወጡ አካባቢዎች ግን የተለየ የብድር መስኮት ያስፈልጋቸው ነበር።

ደግሞም ወለድ አቀንጭራ የተባለውን አረም አይነቅልም። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ የማሽላ ማሳ በአቀንጭራ ሲወረር ወይም ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ፣ የእህል ዋጋ የሚወሰነው ከብሔራዊ ባንክ ስብሰባ ይልቅ በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ጊራና-1 የተባለውን የማሽላ ዝርያ ያወጣው ይህ ማዕከል በጦርነቱ ተዘርፏል። መልሶ ማቋቋሙ ከዋጋ ንረት ፖሊሲ ጋር የሚቆጠር ሥራ ነው፤ ለመርሳ ተመራቂዎችም የተተወ ነው።

ባንክ የምትቀጠሩ ደግሞ፣ ነገ ያቺ እናት መስኮታችሁ ላይ ትቆማለች። ወለዱ ስንት እንደሆነ ስትነግሯት የዓመቱንም ንረት አብራችሁ ንገሯት፤ የተሻለ ወለድ ያለው የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ካለም ሳትጠይቃችሁ አሳዩዋት።