ከሥራ ሲያሰናብቱን የምንፈርመው ወረቀት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ከሥራ ስንሰናበት «ፈርሙ» የሚሉን ወረቀት።

ከማታ ተማሪዎቼ አንዷ በአንድ ድርጅት ውስጥ ዕቃ ስታሽግ 4 ዓመት ሠርታለች። የቀን ደመወዟ 100 ብር ነበር። አንድ ቀን «ሥራ ቀዝቅዟል፤ ሠራተኛ ቀንሰናል» አሏት። 3,000 ብር ሰጧትና በጣቷ አስፈረሟት። ማንበብ ስትጀምር ያንን ወረቀት ይዛ መጣች። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየች ራሷ አነበበችው። «ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ይላል። ቀና አለችና «መምህር፣ እኔ መቼ ለቀቅሁ?» አለችኝ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለተቀነሰ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ ያዛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ይህ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ለወጣ ደግሞ በላዩ የ60 ቀን ደመወዝ አለ። በፈቃዱ የለቀቀ ግን ይህን የ60 ቀን አያገኝም። ብዙ ጊዜ ስንብቱንም ያጣል።

እስቲ የእሷን እናስላ። የመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር። የቀሩት ሦስት ዓመታት፣ 1,000 በ1,000፣ 3,000 ብር። የ60 ቀኑ 6,000 ብር። በጠቅላላው 12,000 ብር ነበር የሚደርሳት።

በአንዳንድ አገሮች ሥራ ለፈታ ሰው መንግሥት የሥራ አጥ አበል ይከፍላል። እንዲያውም የስንብት ገንዘብ የተቀበለ ሰው አበሉ የሚዘገይበት አገር አለ። በእኛ አገር ግን ይህ አበል የለም። ሌላ ሥራ እስኪገኝ ቤት የሚያቆመው ስንብቱ ብቻ ነው። ታዲያ እሱን በአንድ ጣት አሻራ ማጣት አያንገበግብም?

ወረቀቱ እውነት አለመሆኑን ለማስረዳት መሞከር ይቻል ነበር። ነገር ግን ከተሰናበተች 8 ወር አልፏታል። ክሱ መቅረብ ያለበት በ6 ወር ውስጥ ነው። ስለዚህ የተሰናበታችሁበትን ቀን በደብተር ጻፉ። የምትፈርሙትንም ወረቀት አንድ ቅጂ ጠይቁ። ገንዘቡ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

አሁን እርሳስ አንሡ። የቀን ደመወዟ 90 ብር የሆነ ሴት 7 ዓመት ሠርታ በቅነሳ ወጣች። ስንት ይደርሳታል? 13,500 ብር ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።