ለማን እንፍረድ?



የበላ ልበልሃ ሙግት ወራሾች ነንና አንደበተ ርቱዕ ይማርከናል። ፍርድ ግን ሚዛን ይሻል። በዓለም የትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድር ከ100 ነጥብ 40 ለይዘት፣ 40 ለአቀራረብ፣ 20 ለስልት ይሰጣል።

እኛም «ቁጠባችን ለብድር ይዋል ወይስ ወፍጮ ይገዛበት?» ብለን ስንከራከር፣ ዳኞቻችን ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ ምን አለች? በምን አስረዳች? ለተቃዋሚዋ ነጥብ መልስ ሰጠች? እኛ ራሳችን ወፍጮውን ብንሻም፣ ስለ ብድሩ የተከራከረችው በማስረጃ ከበለጠች አሸናፊዋ እሷ ናት። ውጤቱንም ከነምክንያቱ እንንገራቸው።

በካራቆሬ አማርኛም ኦሮምኛም እንናገራለን። አማርኛዋ ስለተሰናከለ ብቻ ነጥብ የነሳናት እህት፣ ነገ ስለ ገንዘቧም ዝም ትላለች።