ከኮርኒሱ በላይ የተደበቀው
እሷ፦ በጂፕሰም ኮርኒስ ጠርዝ የሚዘረጋው የገመድ መብራት ሳሎኑን ሲያደምቀው በጣም ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ከኮርኒሱ በላይ የሚደበቀው ነገር ነው።

እሱ፦ ፓወር ሰፕላዩን ማለትሽ ነው?

እሷ፦ አዎ። ስስ የሆነው የኤልኢዲ ጥቅል አብዛኛው በ12 ወይም በ24 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የቤታችን ሶኬት ደግሞ 220 ነው። መሀል ገብቶ የሚያወርደው ዕቃ ይሞቃል። እሱን አየር በማያገኝበት ቦታ ከትተው ጂፕሰሙን ይደፍኑበታል! የተቃጠለ ቀን ኮርኒስ ሊፈርስ ነው። እባካችሁ እጅ የሚገባበት ክፍተት እንዲተዉ አድርጉ።

እሱ፦ የፓወር ሰፕላዩ አቅምም ይታሰብ። ጥቅሉ በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ ከሆነ 5 ሜትሩ 72 ዋት ይፈልጋል፤ ባለ 100 ዋቱን ግዙ፣ ልክ በልኩ አታድርጉት። ባለ 12 ቮልቱን ከ5 ሜትር በላይ እየቀጠሉ በአንድ ጫፍ ብቻ መመገብም መጨረሻውን ያደበዝዘዋል።

እሷ፦ በቀጥታ 220 ላይ የሚሰካው ወፍራሙስ?

እሱ፦ እሱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደተጠቀለለ አታብሩት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የሚቆረጠው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ምልክቱ ላይ ብቻ ነው፤ ጫፉም በክዳኑ ይታሸግ። ገመዱ ላይ ሚስማር የሚመታ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፣ የፕላስቲክ መያዣ አለው።

እሷ፦ ለበረንዳ የምትገዙ ደግሞ ካርቶኑ ላይ አይፒ 65 የሚል የውሃ መከላከያ ደረጃ ፈልጉ። ሶኬቱንም ዝናብ የማያገኘው ቦታ አድርጉት።