በዘመናዊ ፒካፕ ሻንሲ ላይ በጥንቃቄ ስለ መበየድ
(በበዓሉ ቀን የተሰጠ ንግግር)



እኛ የብየዳ ሙያ የምንማር ተማሪዎች በዚህ በዓል ስለ ፒካፕ መኪና ሻንሲ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስ ብሎናል።

የቀድሞው ሻንሲ ብዙውን ጊዜ ከተራ ብረት ይሠራ ስለ ነበር ለበያጅ አያስቸግርም ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ የፎርድ ኤፍ 150 ፒካፕ ከ2015 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ አካሉ አሉሚኒየም፣ ሻንሲው ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብረት ነው። እንዲህ ያለው ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ከቅይጡና በፋብሪካ ከተመጠነለት ሙቀት ስለ ሆነ፣ የብየዳ እሳት ሲበዛበት ይደክማል። ብየዳው ለዓይን አምሮ ሳለ አጠገቡ ያለው ብረት በጭነት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስቀድመን የፋብሪካውን መመሪያ እናንብብ፤ መመሪያው በከለከለው ስፍራ አንበይድ።

ሁለተኛ፣ መኪናው ኮምፒዩተርና ኤርባግ አለው። ስለዚህ የባትሪውን ሽቦ፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ እንፍታ፤ ማሳውንም ከሚበየደው ስፍራ አጠገብ በጸዳ ብረት ላይ እንሰር። አለዚያ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ፈልጎ ኮምፒዩተሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የነዳጅ ታንክና ቱቦ፣ የፍሬን ቱቦም ከእሳቱ ይራቁ። የዚንክ ልባስ ቢኖር ጢሱ ትኩሳት ስለሚያመጣ ተፍቆ ይነሣ። ሥራው ካለቀ በኋላም እሳት ማጥፊያ ይዘን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ፤ የተደበቀ ፍንጣሪ ዘግይቶ ይነዳልና።

ፒካፕ የሚሸከመው እህልና ሲሚንቶ ብቻ አይደለም፤ የሰው ነፍስም ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ቢቸኩልም፣ ገንዘቡ ቢያጓጓም፣ «ይህ አይበየድም፤ ይለወጥ» ለማለት የሚደፍር እርሱ እውነተኛ ባለሙያ ነው እንላለን።